የእትዬ ዘሃራ ፍሪጅና የእኛ አሮጌ ላፕቶፕ

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ... መተማ ዮሐንስ መንገድ ላይ የተከፈተ ላፕቶፕ በሁለት እጁ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ያያችሁ ካላችሁ፣ እኔ ነበርኩ። አላበድኩም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እህቴ ትርንጎ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰው ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመት ኖራ፣ እዚያ ጦርነቱ ሲነሳ ነው ወደ እኔ የመጣችው። መጥታም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ኮምፒውተር ተማረች። ሰኞ ደግሞ ገንደ ውሃ አንድ መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት የታይፕ ፈተና ነበረባት። የምትለማመደው ቤት ባለችው አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

ላፕቶፗ ግን አርጅታለች። ትርንጎ «ሰ»ን ስትመታ፣ «ሰ» ስክሪኑ ላይ የሚመጣው እሷ ተነስታ ውሃ ጠጥታ ከተመለሰች በኋላ ነው። ስለዚህ ፎቶዎቻችንን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩና፣ ያለባትን ሁሉ አጥፍቼ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን ላደርጋት ወሰንኩ። ሪሴት የሚለውን ነካሁ። «ኮምፒውተሩን እንዳያጠፉ» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ፐርሰንቱም ቀስ እያለ መጨመር ጀመረ።

ግማሽ እንኳ ሳይደርስ መብራት ሄደ።

የዚህች ላፕቶፕ ባትሪ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይቆይም። መሐል ላይ ከጠፋች ደግሞ ጭራሽ ላትነሳ ትችላለች። እስከ ሰኞ የሚያስተካክልልን ሰው የለም። ትርንጎ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ብቻ ታያለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፗን አንስቼ ወጣሁ።

ከእኛ ቤት ትንሽ አለፍ ብሎ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ እናት በረዶና ከርከዴ የሚባለውን ቀዝቃዛ ቀይ መጠጥ ይሸጣሉ። ጄኔሬተር እንዳላቸው በድምፁ አውቃለሁ። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ ግን አልነበረንም።

በራቸው ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጧል።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይህች እንዳትጠፋብኝ... ሶኬት...» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

ብድግ አሉ። ጄኔሬተሯ ትንሽ ናት፤ ከፍሪጁ ሌላ አትችልም። የፍሪጁን ገመድ ነቀሉና «ሰካው» አሉኝ።

ሰካሁ። ባትሪው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው።

እንግዲህ የጠየቁኝ ከዚህ በኋላ ነው። «ለመሆኑ ምን እየሆነች ነው?»

«ያለባትን ሁሉ እየረሳች ነው። ስትጨርስ እንደ አዲስ ትሆናለች።»

«ጠይብ፣ ደግ ነው» አሉ ወንበር እየሳቡልኝ። «እንግዲያው አንቸኩላት።»

የቆላውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ላፕቶፗ ታጓራ ጀመር፤ ከሥሯ ስነካት ታቃጥላለች። እትዬ ዘሃራም የእጃቸውን ጀርባ አስነክተው «አተኮሳት» አሉ፣ የታመመ ልጅ እንደሚዳስስ ሰው። ወዲያው ሳፋ ሙሉ በረዶ ይዘው መጡ።

«ውሃ እንዳይነካት» አልኩ ደንግጬ።

«ላጥባት አይደለም» አሉ። ሳፋውን ራቅ አድርገው አስቀመጡና ከበረዶው ኋላ ሆነው በካርቶን ያራግቡ ጀመር። ቀዝቃዛው አየር እኔንም ላፕቶፗንም አገኘን። ማጓራቷ ቀነሰ።

በዚህ መሐል ከኮኪት የመጣ መኪና ቆመና የሰሊጥ አጨዳ ላይ የዋሉ የቀን ሠራተኞች ወረዱ። ቅዳሜ የእትዬ ዘሃራ ዋና ገበያ ነው።

«የቀረውን በረዶ ሳይቀልጥ ውሰዱት» አሏቸው። «ዛሬ ፍሪጁ አይሠራም። የዚህ ልጅ እህት ፈተና አለባት።»

በረዶውን ወሰዱ፤ ግን አልሄዱም። ዙሪያችንን ቁጭ ብለው ስክሪኑን ያዩ ጀመር። አንዱ ጎጃሜ ነው፤ ካርቶኑን ከእትዬ ዘሃራ እጅ ተቀብሎ «ይምጡ እኔ ላራግብ፣ እርስዎ ደከመዎት» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ወንድምዓለም፣ የት ደረሰልህ?» ይለኛል፣ በየደቂቃው።

ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመች። ቆመች... ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ።

ትርንጎ መቼ እንደመጣች አላየሁም፤ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ስትይዝ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ብልጭ አለና ቋንቋ ምረጥ የሚል ሰማያዊ ገጽ መጣ።

«ኸላስ? አለቀ?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ኸላስ» አልኳቸው።

ጎጃሜው ካርቶኑን ጥሎ ግንባሩን ጠረገ። ራሱ የተፈተነ ነበር የሚመስለው።

ሲበተኑ ወለሉን አየሁት። የፍሪጁ ውሃ ወርዶ እስከ በሩ ደርሷል። መወልወያውን ልቀማቸው ስል እምቢ አሉኝ።

«የቅዳሜ ገበያዎን አጠፋሁብዎት» አልኩ።

«በረዶ ነው፤ መቼም መቅለጡ አይቀርም» አሉ እየወለወሉ።

«ግን እኮ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁኝ ነው የነቀሉት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ላብህ እየወረደ ደጃፌ ላይ ቆመህ፣ ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

ትርንጎ ያን ቀንና እሑድን ስትለማመድ ዋለች። ሰኞ ሄደች፣ ተፈተነች። «መጀመሪያ ፊደል ሳትኩ፣ በኋላ ግን ሄደልኝ» አለችኝ። ትናንት ደውለው ሥራ ጀምሪ አሏት። ወሬውን ከእኔ በፊት የሰሙት እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ ስልኩን እንደዘጋች ሮጣ የሄደችው ወደ እሳቸው ነበር።

እኔ ደግሞ በዚህ ወር ሌላ ሰፈር ሰፋ ወዳለ ቤት ልቀይር ደላላ አናግሬ ነበር... ዛሬ ጠዋት ደውዬ ተወው አልኩት።