የካቴናው ጋዝ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ያለው ጋራዥ በር ላይ የነጭ ጋዝ ሽታ ሲቀበለኝ አጎቴ ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለሥራ አረብ አገር ልትሄድ ስለነበር፣ እንድሰናበታት ከሊሙ ገነት ጅማ መናኸሪያ በሞተራቸው አፈናጠው እያመጡኝ ነበር። መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። መሃል ላይ ቆመው የጋዙን ጣሳ አስያዙኝና የሞተሩን ካቴና፣ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ በብሩሽ መፈተግ ጀመሩ።

«አጎቴ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው! ዘይት ደፋ ያድርጉበትና እንሂድ!»

«ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ቀስ በይ፣ ልጄ። አቧራ የያዘ ዘይት ካቴናውን ይበላዋል። እዚህ ከተበጠሰ እናትሽን አታያትም።»

እንደዚያ እየጮህኩባቸው እጃቸው አልተጣደፈም። አደረቁት፣ በስሱ ቀቡት፣ ትርፉን ጠረጉት፣ ተነሳን።

ደረስን። እናቴ አንድ እግሯ አውቶቡሱ ላይ ሆኖ አቀፈችኝና «ምነው ጋዝ ጋዝ ሸተትሽ?» ብላ ሳቀች።

እስካሁን አልተመለሰችም። ቀስ ብሎ መሄድ አልወድም፤ ጋራዡ ጋ ስደርስ ግን ቀስ እላለሁ።