ቆዳ የሚያዳምጥ ሰው

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ይህን ያለው ሰው ከበሮ መቺ አይቶ ይሆናል እንጂ ከበሮ ጠጋኝ አላየም። በወጣትነቴ ከተማ ለከተማ እየዞረ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ድራም እመታ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ሰው የሚያጨበጭበው ለእኔ ነው፤ ልጃገረዶቹም የሚያዩት እኔን ነው። እኔም የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ጭብጨባ ግማሹ፣ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ከግማሽ በላዩ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር።

ያ ሰው ሥራው ድራሞቹን መጠበቅ፣ መጠገንና መቃኘት ነው። የባንዱ አለቃ «ዕቃ ጠባቂው» ይለዋል፤ ሌላ ስም ያወጣለት አልነበረም። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ በአሥር ዓመት ገደማ ይበልጠኛል። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «አንቱ» ብዬ ብጠራው ከልቡ ሳቀብኝ። «አቦ ተወኝ፤ እኛ ድሬ አንቱ የምንለው ዳኛ ፊት ስንቆም ነው» አለኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። የድራም ፊት እንደ ዛሬው ፕላስቲክ ሳይሆን የጥጃ ቆዳ ነበር። ቆዳ ደግሞ ከታረደም ከተፋቀም በኋላ አየሩን ያውቃል። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ድርቀት ሲያገኘው ይወጠራል፤ ውጥረቱ ሲበዛበት ይተረተራል። በአዲስ አበባ ክረምት እንደ ረጠበ ጆንያ ድብ ድብ የሚለው ከበሮ፣ ድሬ ሲወርድ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ስለዚህ ያ ሰው ባቡሩ ቁልቁል በወረደ ቁጥር፣ ሞጆ ላይ አንዴ፣ አዋሽ ላይ አንዴ፣ ከዚያም በታች አንዴ፣ ሳጥኖቹን ከፍቶ ብሎኖቹን ሩብ ዙር ያላላቸዋል። መለኪያ የለውም። በጥፍሩ የቆዳውን ዳር ጫር ያደርግና ያዳምጣል። አንዱን ብሎን ከነካ በኋላ ቀጥሎ ያለውን አይነካም፤ ከፊት ለፊቱ ያለውን ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጎረቤት በጎረቤት ያኮርፋል» አለኝ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ጥበብ እንደ ቀልድ ነበር የማየው።

አሁን ወደምነግራችሁ ጉዞ ሲነሣ አዲስ ሸሚዝ ገዝቶ ነበር። አባቱ ዕድሜያቸውን በባቡር መጠገኛው ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። ልጃቸውንም እዚያው አስገብተውት፣ የማሽን ቀበቶ መስፋትና መወጠር የተማረው ከሳቸው ነው። ያንን የታወቀ እንጀራ ጥሎ ከባንድ ጋር ሲሄድ አኮረፉት፤ አራት ዓመት አላናገሩትም። በዚያ ክረምት ግን ሰው ላኩበት፤ «የደረስክ ዕለት ቤት መጥተህ እራት ብላ፣ በማግሥቱ መጥቼ ሥራህን አያለሁ» አሉት። ይህንን ባቡሩ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነገረኝ። በሦስተኛው «አንድ ቀን ካየኝ ይበቃኛል» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አዋሽ ላይ ብሎኖቹን አላልቶ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። እኔ ሥራ ፈትቼ ትንሿን ከበሮ በጣቴ ብነካት ለስልሳ ተኝታለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ በእራት ጥሪው ልቡ ተሰርቆ አብዝቶ አላላት ብዬ ቁልፉን አነሣሁና ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ ያውም ጎረቤት ከጎረቤት፣ ጥርቅም አድርጌ አሰርኳቸው። ሳጥኑን ዘጋሁት። ምንም አልነገርኩትም። አመሻሹ ላይ ድሬ ስንደርስ «ድራሞቹን ልፈትሻቸው ወይስ ልሂድ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ቸሩ «ሂድ፣ አባትህን አታስጠብቅ፤ ምን ይሆናል» አልኩት።

በማግሥቱ እሑድ ነው፤ ጨዋታው ለአሥራ አንድ ሰዓት ተቀጥሯል። ጠዋት ከዚራ ሰፈር በሚገኘው አዳራሽ ግቢ ሳጥኖቹን ስንከፍት የትንሿ ከበሮ ቆዳ ከዳር እስከ መሀል ተተርትሯል። ሌላ መለወጫ አልነበረንም። አለቃው ሁላችን በቆምንበት ይጮኽበት ጀመር፤ «ሥራህን ጥለህ እቤትህ እራት ስትበላ ታመሻለህ! ይህ ነው ሙያህ?» አለው። ከበሩ አጠገብ ኮታቸውን የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ልጃቸውን ሊያዩ በጠዋት የመጡት አባቱ ናቸው።

እሱ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን በጣቱ ዳሰሳቸው። ሁሉንም ዳሰሳቸው። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝና ወደ አለቃው ዞሮ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትደርሳለች» አለ። እኔ የድራም መምቻዎቼን መጥረግ ጀመርኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ሄዱ።

ወደ መጋላ ገበያ ሲሄድ ተከተልኩት። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ስንሻገር «ትናንት አዋሽ ላይ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ ሳይቆም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ዋሪያ፣ ከበሮ መቺ ተሰድቦ አይመታም፤ እጁ ይከብዳል። እኔ ተሰድቤም ብሎን አዞራለሁ። ዛሬ አባቴ የሚሰማው ያንተን እጅ ነው። አሁን ተወኝ አቦ፣ ጊዜ የለንም።»

ቆዳ ነጋዴዋ ጠና ያለች ሱማሌ ሴት ነች። እሱ ከሷ ጋር በሱማልኛ፣ ዕቃ ከሚሸከምላት ልጅ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ፀጉራቸው ተፍቆ የደረቁትን የፍየል ቆዳዎች እያነሣ ወደ ፀሐይ ይዘረጋል፤ የመዥገር ጠባሳ ያለበትን ይጥላል፣ ቢላዋ የነካውን ይጥላል፣ ጥፍሩን ጫር አድርጎ ያዳምጥና ይጥላል። አሥረኛው ላይ ሴትዮዋ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው ነው መሰል፣ «ዋሪያ፣ ቆዳ ነው የምትፈልግ ወይስ ሚስት?» አለችው። ሳቀ። ያን ጠዋት እንደዚያ ተዋርዶ መሳቅ መቻሉ እስካሁን ይገርመኛል።

ወደ አዳራሹ ግቢ ስንመለስ የመረጠውን ቆዳ ውኃ ውስጥ ነክሮ አራሰው። በከበሮዋ የእንጨት ቀለበት ላይ ዘረጋውና ዳር ዳሩን በሾርባ ማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ እያጠፈ፣ እየጎሰጎሰ ዞረው። አንድም ቦታ አልተሸበሸበም። እኔ ፀሐይ ላይ እናድርገውና ቶሎ ይድረቅ አልኩ፤ ዳሩ ከመሀሉ ቀድሞ ከደረቀ ይጣመማል አለኝ። ዛፍ ሥር፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጠው፤ ዳሩን በእርጥብ ጨርቅ ከቦ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ። ጥላው ሲሸሽ ከጥላው ጋር ይሸሻል። ምሳ አልበላም። በዚያ የድሬ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ እቤቱ ገብቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ እሱ እንደ አራስ አስታማሚ ጨርቁን ያርሳል፣ በጥፍሩ ጫር ያደርጋል፣ ያዳምጣል። ብዙ ስመ ጥር ተጫዋቾች አብረውኝ ሠርተዋል፤ እንደዚያ ያደነቅሁት ሰው ግን የለም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከበሮዋን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና «ዳሯን አትምታት፣ ገና ልጅ ነች፤ መሀሏን ምታት» አለኝ።

መሀሏን መታሁ። እንደዚያ የጠራ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ጠዋት ዝም ብለው የሄዱት ሽማግሌ ተመልሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። እስከ መጨረሻው አላጨበጨቡም፤ ብቻ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ልክ እንደ ልጃቸው፣ ያዳምጣሉ።

ጨዋታው አልቆ ግቢው ውስጥ ላቤን ስጠርግ ወደ እኔ መጡ። ተነሣሁ።

«ከበሮው ጥሩ ነበር ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትናንት ማታ ተመልሼ ድራሞቹን ልይ ሲል እራት ብላ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። አንተን አለቃህ ይሰማሃል፤ ንገርልኝ፣ ከእንጀራው እንዳያፈናቅለው» አሉኝ።

ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ። «አባባ፣ እሱም እርስዎም አላጠፋችሁም፤ እሱ ያላላውን እኔ ነኝ ያሰርኩት። እያወቀ ነው የተሰደበልኝ» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ዛፉ ሥር ወዳለው ልጃቸው ተመለከቱ።

«ጠዋት ሲሰደብ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር» አሉ። «አንተ ዝም ያልከው ፈርተህ ነው። እኔ ግን እውነት አጥፍቷል ብዬ አምኜ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ልጃቸው ሄዱ። እኔም ወደ አዳራሹ ገብቼ፣ ባንዱ ሁሉ በተቀመጠበት፣ ጠዋት መናገር የነበረብኝን ለአለቃው ተናገርኩ። አለቃው ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ከበሮ ጠጋኙ ለነገው የሐረር መንገድ ብሎኖቹን ይቃኛል፤ አባቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብለው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ይናገራሉ። ኦሮምኛ አልሰማም፤ ምን እንዳሉት አላውቅም፣ ጠይቄውም አላውቅም። እሱ ግን ብሎኖቹን ሳይጨርስ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠና የአባቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ የጀመረውን ሥራ ሲያቋርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።