በረዶው ንግሥቲቱን ያዳነ ቀን

ፍሪጅ ጠጋኙን ሰፈሩ «በረዶው» ይለዋል፤ ከሥራው ይልቅ በዝምታው። ሚስቱ ግን የዝምታውን ምክንያት ታውቃለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ልቡ ያለው ጓዳ ካለችው ኮምፒውተር ጋር ነው፤ ማንም ሳያስተምረው ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ይጽፋል። «ውሽማ ቢይዝ እንኳ መልኳን አይቼ እቀና ነበር» ትላለች ለጎረቤት፤ ጎረቤት ደግሞ ለኛ።

ዘንድሮ ማሽኖች ብቻ የሚጋጠሙበት ውድድር ገባ። አዳራሹ ሩቅ ስለሆነ እሱ እቤቱ ተቀምጦ ማሽኑ የመረጠውን እርምጃ በስልክ ይናገራል፤ ድሮ ሒሳብ ያስተማሩት ጡረተኛ መምህርት ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ሰሌዳው ላይ ያንቀሳቅሱለታል። ዳኞቹ መጀመሪያ «ራሱ ቢጫወትስ ማን ያየዋል?» ብለው እምቢ ብለው ነበር። «እኔ ዋስ!» ያሉት መምህርቷ ናቸው። ከየጨዋታው በኋላ «ማሽኑ ብቻ ነው የተጫወተው» የሚል ወረቀት ላይ ይፈርማሉ።

ሦስት ጨዋታ በሰላም አለፈ። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አማቱ ከች አሉ። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ምላሳቸውና መቀሳቸው እኩል የተሳለ፣ በቼዝ ሰፈሩን የፈጁ። ወንበር ስበው ከጎኑ ተቀመጡ።

ሃያ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ማሽኑ ንግሥቲቱን ባንዲት ምስኪን ወታደር ለመስጠት ወሰነ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አማቱ። «ንግሥት በወታደር? የስምንት ዓመት ሥራህ ይሄ ነው?»

«አባባ፣ አስልቶ እኮ ነው...»

«ምኑን አስልቶ! እኔ ጋ ሊላጭ የሚመጣ ሰካራም እንኳ አያደርገው!»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ያቺ ሳቅ ናት የገደለችው። መምህርቷ በስልክ «እየጠበቅሁ ነው፣ ልጄ» ሲሉ እሱ ማሽኑ ያላለውን ተናገረ፤ ንግሥቲቱን ወደ ኋላ አሸሻት። አማቱ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉለት፤ ልጃቸውን ካገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

የቀረውን ማሽኑ ራሱ ታገለ። ሁለት ሰዓት ከተናነቁ በኋላ ተጋጣሚው ተሳሳተ፤ በረዶው አሸነፈ። አማቱ አጨበጨቡ። እሱ ግን እስከ ጆሮው ጫፍ ይነድ ነበር።

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ መምህርቷ። «ይኸው እየፈረምኩ ነው። ማሽኑ ብቻ ነው አይደል?»

እስከ ዛሬ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ እትዬ» ይል ነበር። አሁንም ዓይኑን በጨው አጥቦ «አዎ» ቢል ማን ያውቅበታል? እሱ ግን አማቱን ትቶ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ።

«ልጄ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። እትዬ... ሃያ ሦስተኛዋ የኔ ናት።»

«እንዴት ያንተ?»

«ማሽኑ ሌላ ነበር ያለው። እኔ ነኝ የቀየርኳት።»

ብዕራቸውን ሲያስቀምጡ ሰማ። ቢሰድቡት በተሻለው ነበር። «ፈርሜያለሁ እኮ» አሉ፤ «ስልኩን እንዳትዘጋ።»

ወንበር ሲጎተት ሰማ። ከዚያ ያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ ያሰኝ የነበረ ድምፃቸው ዳኛው ፊት ሲንተባተብ ሰማ። ፊርማው ተሰረዘ፤ ጨዋታው ለተጋጣሚው ተሰጠ።

«ማሽኑ ምን ሊጫወት ነበር ይላሉ» አሉት ተመልሰው።

«ንግሥቲቱን... ባንዲት ወታደር ሊሰጥ።»

ሰሌዳው ላይ ሞከሩት። ቆይቶ አንድ ሰው አፏጨ። «በስድስት እርምጃ አልቆልኝ ነበር!» አለ የተጋጣሚው ማሽን ባለቤት፤ «ምን ዓይነት ጉድ ነው የሠራው ይሄ ሰውዬ!» ስምንት ዓመት የጠበቀው ሙገሳ ይሄ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ እንደ ስድብ አዳመጠው።

«ነገ መጫወት ትችላለህ ብለዋል» አሉ መምህርቷ፤ «ዋስ ካገኘህ።»

«እትዬ፣ እርስዎስ...»

«እኔንማ ተወኝ፣ ልጄ። የሰረዝኩበት ቀለም እንኳ ገና አልደረቀም።»

ስልኩ ተዘጋ፤ ወደ ጓዳው ተመለሰ።

«ምን አሉ?» አሉ አማቱ፣ እጃቸውን እያፋተጉ። «እኔ ባልኖር ጉድ ሆነህ ነበር አላልካቸውም?»

«ሳልነግራቸው ረሳሁት፣ አባባ» አለ፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያቸው አልቻለም።