ኤስ ያለቀብን ሰሞን

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ይህን የማነሳው ለማፈርም ለመኩራትም አይደለም። አሁን አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ፒያሳ ላይ ማኪያቶ እየጋበዙ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ቢታወቅ ይሻላል ብዬ ነው።

እንግሊዝኛ አልችልም። ፊደሉን ግን በጣቴ አውቀዋለሁ። ጉልምስናዬን የጨረስኩት በፊደል ለቃሚነት ነው፤ ከመሳቢያ ውስጥ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ቃል እየደረደርኩ። ፊደሉ ተገልብጦ የተቀረጸ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬም የሱቅ ማስታወቂያ በመስታወት ውስጥ ሳየው ይቀለኛል። ማተሚያ ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ መሳቢያዎቹ በነበሩበት ላይ ወጣቶች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

የአማርኛ ፊደል ሞልቶልን ነበር። የእንግሊዝኛው ግን አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ሲሰበርና ሲጠፋ ተተኪ የለውም። ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ ኤስ ነው። እንግሊዝኛ አንድ ወንበር ሲሆን ዝም ይላል፣ ሁለት ወንበር ሲሆን ኤስ ይቀጥልበታል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ አንድ ወንበር ብቻ ጠይቆ አያውቅም።

አለቃችን በልጅነቱ የሚሲዮን ግቢ ሲጠርግ ከአንድ የካቶሊክ ቄስ ትንሽ ላቲን ለቅሞ ነበር። አንድ ቀን የኤስ መሳቢያ ባዶ መሆኑን ነገርኩት።

«ምን የሚል ቃል ላይ ደረስክ?»

«ሜሞራንደም። ደንበኛው ሲያበዛው በኤስ ጽፎታል።»

«መጨረሻ ያለውን ዩ እና ኤም ጣልና ኤ አስገባ። ሜሞራንዳ ይሆናል። ቄሱ እንደዚያ ነበር የሚሉት።»

«ደንበኛው በኤስ ነው የጻፈው እኮ።»

«እንግዲያው ደንበኛው ኤስ ይዞ ይምጣ!»

በማግስቱ ደንበኛው፣ ከረባት ያሰረ ሹም፣ ወረቀቱን እያውለበለበ መጣ። «ይህን እኔ አልጻፍኩም!» አለ። አለቃችን መነጽሩን አውልቆ፣ ጠርጎ፣ መልሶ አደረገና፣ «ጌታዬ፣ ላቲን ነው እኮ» አለው በለሰለሰ ድምፅ። ሹሙ የሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያውን አየ። «ላቲን መሆኑንማ አውቃለሁ» አለ፤ «እናንተ ማወቃችሁን ላይ ብዬ ነው።» በሚቀጥለው ወር ያመጣው ረቂቅ ላይ ሜሞራንዳ ብሎ ራሱ ጽፎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አለቃችን ኤስ የሚቆጥቡ ቃላት ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የመጀመሪያዎቹ ከቄሱ የሰማቸው ናቸው። የኋለኞቹን ግን ችግር ነው ያመጣቸው። ለምሳሌ አልበም የሚለው የገባው የአንድ ፎቶ ቤት ማስታወቂያ ስንሠራ ነው። በኤስ እንዳናበዛው አንዲት ኤስ አልነበረችንም፤ አለቃችን እየሳቀ ዩ እና ኤሙን አስጥሎ በኤ አስጨረሰኝ፤ «አልባ» ሆነ። ፎቶ ቤቱ ደስ አለው። ደንበኞቹም ከዚያ ወዲህ ላቲኑን አክብረው ሲገቡ ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ አሉ።

አንድ የትምህርት ቤት መምህር ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ አይቶ፣ ለተማሪዎቼ አትሙልኝ ብሎ ለመነ። አተምንለት። ያን ቀን መሳቢያ ወድቆብኝ የአንዷ ኤም እግር ተሰበረ። ሌላ ስላልነበረን ከነስብራቷ ገባች። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ለማስታወሻ በኪሴ ይዤ የወጣሁት እሷኑ ነው። ደህናውን ሌላው ወሰደው።

አሁን በምኖርበት በአፍንጮ በር ሰፈር፣ ጎረቤቴ ሌላ መምህር ነው፤ ጴንጤ፣ ሥርዓት ያለው ሰው። ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ሴት ልጁን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ለዚህች ልጅ አንድ ነገር ይበሉልኝ» አለ። «እኔ ጸልዬ ጨርሻለሁ።»

«ምን ሆነች?»

«አማካሪዋ አልፈርምም አሏት። ለሦስተኛ ጊዜ።»

ልጅቷ መመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው የድሮ የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ስላዘጋጇቸው የቤተሰብ አልበሞች ነው። አልበም የሚለው ቃል በየገጹ አለ። አማካሪዋ ዶክተር በቀይ እየከበበ፣ በኤ ጨርሺው ብሎ ይመልስላታል። መዝገበ ቃላት ብታሳየው፣ «መዝገበ ቃላት የሰነፍ ምርኩዝ ነው» አላት። እሱ እንዳለው ብትጽፈው ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ ይስቅባታል፤ ባትጽፈው ዶክተሩ አይፈርምም። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ዓመቱ ይቃጠላል፣ ቃል የተገባላት የማስተማር ሥራም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«እኔ ጋ ምን አመጣችሁ?» አልኳቸው።

«አባዬ እርስዎ የፊደል ሰው ነዎት ስላለ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ይኸው፣ ለሁላችንም የሚያድለን ወረቀት።»

ፎቶ ኮፒ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። ከላይ እስከ ታች የላቲን ቃላት ተደርድረዋል። እኔ ቃል አላነበብኩም፤ ድሮም ልማዴ አይደለም። ፊደል አየሁ። ስድስተኛው መስመር ላይ አንድ እግሯ የተሰበረ ኤም ቆማለች።

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን የልጅቷን ዓይን አየሁና ሳቄ ጠፋ። ይህች ልጅ ዓመቷን ልታጣ የደረሰችው እኛ ኤስ ስላለቀብን ነው!

ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። ኮሌጁ እዚሁ ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጉልበቴን ቢፈትነውም ደረስኩ። ዶክተሩ ሽማግሌ ሲያይ ተነሣ።

«ይቀመጡ አባቴ። የልጅቷ አያት ነዎት?»

«ጎረቤት ነኝ፣ ዶክተር። የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

«ምን አድርገውኝ?»

ያቺን ኤም ከኪሴ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ፣ ከታተመችው እህቷ አጠገብ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ አልገባውም። ተገልብጣ የተቀረጸች ናትና የስልኩን መስታወት ደቅኖ እንዲያያት አደረግኩ። አያት። ስብራቱ ልክ በልክ ነው።

«ይህን ወረቀት መምህሬ ናቸው የሰጡኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከለንደን የመጣ ነው ብለውን ነበር።»

«ከድልድዩ ከፍ ብሎ ነው የመጣው፣ ዶክተር። እኔ ነኝ የለቀምኩት። ኤስ አልቆብን ነበር።»

ታሪኩን ሁሉ ሳልቸኩል ነገርኩት። ሹሙን፣ ፎቶ ቤቱን፣ አለቃችንን። ልጅቷ ጫማዋን እያየች ቆማለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «ቢሆንም» አለ፣ «ቢሆንም በላቲን ትክክል ነው።»

«ይሆናል። ልጅቷ የምትጽፈው በላቲን ነው እንዴ? እኔ በእንግሊዝኛ መስሎኝ።»

ልጅቷ አሳላት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ዶክተር፣ ሜሞራንዳ የሚለውን ሰው ለምዶታል፣ እሱን አልነካሁም» አለች። «አልበም ግን ከመጣ ጀምሮ ኤሱን ለብሶ የኖረ ነው። እኔ አሁን ልገፈው?»

ሰውየው ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «በዚህ ነገር ስንቱን ተማሪ መለስኩት» አለ፣ ለእኛ ሳይሆን ለወረቀቱ። እንደዚያ ሲል አሳዘነኝ። ሹሙ ከረባቱን አስተካክሎ ወጥቶ ነበር፤ ይህ ግን አንገቱን ደፋ።

ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ ፈረመ። ልጅቷ ጽሑፏን በሁለት እጇ ተቀብላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እኔም ኤሜን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። በር ላይ ስንደርስ ጠራኝ።

«አባቴ፣ ይህ ነገር በእኛው ይቅር።»

«ይቅር» አልኩት። ቃሌን አላፈረስኩም፤ ይኸው የማንንም ስም አልጠራሁም።

ልጅቷ ተመርቃ ዛሬ ታስተምራለች። ወረቀቱ ግን አሁንም ይታደላል። አልበም በእስክሪብቶ ተሰርዛለች፤ ሙዚየምና ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። ዶክተሩ ስለ ላቲን ለሚጠይቀው ሁሉ፣ «እኔን አትጠይቁኝ፣ አንድ አዛውንት አሉ» ብሎ ወደ እኔ ይልካል አሉ። ምክንያቱን አይነግራቸውም። እነሱም መጥተው በታላቅ አክብሮት ከፊቴ ይቀመጣሉ፣ ኮምፒዩተራቸውን ይከፍታሉ።

«በኤስ ላብዛው ወይስ በኤ፣ ጋሼ?» ይለኛል አንዱ።

«እዚህ መሣሪያህ ላይ ኤስ አለ?»

«አለ።»

«አያልቅም?»

«ኧረ አያልቅም፣ ጋሼ!»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

ልጁ ትንሽ ያስብና አንገቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ይህንንም ይጽፈዋል።