ለእህታቸው ያልተዘፈነው

መርዶ መናገር እችልበታለሁ። ቢያንስ እችልበታለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ሴንት ፖልና ዙሪያዋ ላይ ላለን ያገር ልጆች የሞት ዜና ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነበር። ለሐዘንተኛው አይደለም፤ ለእኔ። ወንድሙ የሞተበት ሰው ምንም ሳያውቅ ሥራ ቦታው ዕቃ ሲጭን ይውላል፤ እኔ ደግሞ እዚህም እዚያም እየደወልኩ ሰው አሰባስባለሁ፣ ማንም ቀድሞ እንዳይነግረው ስልኩን የሚጠብቅ እመድባለሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ሰውየው ቁርስ ሳይቀምስ፣ ዘመድና ወዳጅ ሆነን በሩን እናንኳኳለን። ጥቁር ለብሰን ሲያየን ሳንነግረው ያውቀዋል። በእኔ ጊዜ ብቻውን ሆኖ የሰማ ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ሮዝቪል የምትኖር ሴት አባቷ ሞቱባት። ሦስት ቀን ደበቅናት። በሦስተኛው ቀን ሱፐርቫይዘሯን ለምኜ አስፈቀድኩላትና ደወልኩላት። «ነገ ኦፍ ነሽ አሉ፤ ስኬጁሉን ቼንጅ አድርገውታል» አልኳት።

«ላንቺ ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ኦፍ ሲሰጡሽ ዝም ብለሽ አትቀበይም?» ብዬ ተቆጣኋት።

መቆጣት ይረዳል፤ የተቆጣ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ አይመስልም። በማግስቱ አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። ለቅሶው ሲወጣ እሷም አመሰገነችኝ፣ ሌላውም «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» አለ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነበር። ከነሱ አንዱ አይሪሽ ዘፋኝ ነበሩ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ሴንት ፖል ውስጥ አዛውንቶች በሚኖሩበት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ገና በወጣትነታቸው መጥተው፣ ቀን አናጢ፣ ማታ የአይሪሾች መጠጥ ቤት ዘፋኝ ሆነው ነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉት። ዓይናቸው መሃል መሃሉ ጠፍቶባቸው ዳር ዳሩን ብቻ ያያሉ፤ ስለዚህ ሲያናግሩኝ ወደ ጆሮዬ ነው የሚመለከቱት። ማንበብም መጻፍም ትተዋል።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ የእንግሊዝኛ ታይፒስት ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፌም ያምራል። ይህን የሰሙ ዕለት ሥራዬ ተለወጠ። ማጠቡና ማብሰሉ እንዳለ ሆኖ፣ በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የዘፈን ጸሐፊ ሆንኩ። እሳቸው ይሉኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ግጥሞቹ ግማሾቹ ከእናታቸው የወረሷቸው፣ ግማሾቹ ራሳቸው የገጠሟቸው ናቸው። አንዱ የቄሱን የስብከት ወረቀት በልታ ምእመናኑን ስለ ገላገለች ፍየል ነው። ሌላው ስለ መንገድ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ፣ መንገዱ ያለቀ ቀን በዚያው መንገድ አገሩን ጥሎ ይሄዳል። እሱን ስጽፍ እንባዬ መጣ። ሽንኩርት ከትፌ ነው አልኳቸው።

ሲዘፍኑ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። አንድ ቀን መሃል ላይ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ምን እንደፈለጉ ስላልገባኝ ውሃ አቀበልኳቸው። ሳቁና፣ በመንደራቸው ሰው ሲዘፍን አንዱ አድማጭ እጁን ይዞ በዜማው ልክ ቀስ እያደረገ እንደሚያዞርለት ነገሩኝ። ዘፋኙ ብቻውን እንዳይሆን ነው አሉ። አፈርኩ፤ ግን ያዝኩላቸው።

ሦስተኛው ደብተር ላይ ስለ ለቅሶ ቤት የሚናገር ግጥም አለ። ሟቹ መሃል ቤት ተጋድሟል፤ ጎረቤት በየተራ እየገባ ይዘፍንለታል፤ ሩቅ ያለ ዘመድ ሳይደርስ ሳጥኑ አይዘጋም። ሳይዘፈንለት የሄደ፣ ማንም በሩ ድረስ እንዳልሸኘው እንግዳ ነው ይላል አንዱ ስንኝ። አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። ስለምን እንደሚያወራ ግን ለደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም። ታይፒስት እንዲህ ነው፤ ጽሑፉ በዓይኑ ገብቶ በእጁ ይወጣል፣ ልቡ ጋ አይደርስም።

ያላስጻፉኝ አንድ ዘፈን ብቻ ነበር። አየርላንድ ላሉት ታላቅ እህታቸው የገጠሙት ነው። ዘፈን ያስተማሯቸው እህታቸው ናቸው፤ አዛውንቱ እሁድ እሁድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደውሉላቸዋል፤ ሰኞ ስመጣ እህታቸው ያረሙትን ስንኝ እሰርዛለሁ፣ እደልዛለሁ። ያንን ዘፈን ለምን አንጽፈውም ስላቸው፣ «እሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዘፈነው» አሉኝ። ሰማንያ ያለፋቸውን እህትዎን ሊድሯቸው ነው ወይ ብዬ ቀለድኩ። ሳቁ እንጂ አላብራሩልኝም፤ እኔም መልሼ አልጠየቅሁም።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። አዛውንቱ ገላቸውን ታጥበው ሸለብ አድርጓቸዋል። አነሳሁት። የእህታቸው ልጅ ነው፣ ከአየርላንድ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«እናቴ ዛሬ ጠዋት ሞተች። ለአጎቴ ንገሪልኝ። የምንቀብራት ቅዳሜ ነው፤ እስከዚያ እዚሁ ቤት ናት። ሲደውል ስልኩን ከአጠገቧ እናደርገዋለን፤ እሱ ያውቀዋል።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛው ከበደኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አልከበደኝም። በልቤ ግን፣ ስልክ ደግሞ ለሬሳ፣ ፈረንጅ ጉዱ አያልቅም አልኩ። እኔ ነኝ የሞትን ነገር የማውቀው።

የተኙትን ሰውዬ አየሁ። ልባቸው ደካማ ነው። አንድ ልጃቸው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው የምትኖረው፤ በዚያ ሳምንት ግን ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዳለች፣ የምትመለሰው ቅዳሜ ማታ ነው። የእጅ ስልኳ ቁጥር ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ቢሆንም መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ወሰንኩ፤ እሁድ ማለዳ፣ ልጃቸው ባለችበት፣ እሳቸው ለእህታቸው ከመደወላቸው በፊት። ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩና ከሶፋው ጀርባ ሸጎጥኩት። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ብቻቸውን ቢወድቁ በምን ሰው እንደሚጠሩ አላሰብኩም። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል።

አርብ ዕለት ደስ ብሏቸው ዋሉ። የፍየሏን ዘፈን ሁለት ጊዜ ዘፈኑልኝ። መሃል ላይ፣ «ስልክ አልተደወለም?» አሉኝ። እህታቸው ሰሞኑን አሟቸው እንደነበር ያን ጊዜ ነው የነገሩኝ።

«በሥራ ቀን ማን ይደውላል? ይልቅ ሾርባዎ ሳይቀዘቅዝ ይጠጡ» ብዬ ተቆጣኋቸው። እሺ ብለው ጠጡ።

ከሰዓት በኋላ፣ ለመርዶ ሁልጊዜ አብረውኝ ለሚሄዱ ኤርትራዊ ሽማግሌ ደወልኩ። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

«ጋሼ፣ እሁድ ጠዋት ፍሪ ነዎት? አንድ መርዶ አለ።»

«የማን ቤት?»

«የኛ ሰው አይደሉም። የምሠራላቸው አይሪሽ ናቸው፤ እህታቸው ሞተዋል። ልጃቸው ትሪፕ ላይ ስለሆነች ሆልድ አድርጌው ነው።»

«የእነሱ ልማድ እንዴት እንደሆነ ጠይቀሻል?»

«ሞት እንደሆነ ሞት ነው፣ ጋሼ። ብቻቸውን ሰምተው ስትሮክ ቢመታቸውስ?»

«ልጄ፣ እኔ ያልኩሽ ጠይቀሻል ወይ ነው።»

«ከአንድ ሰዓት በፊት መጥቼ ፒክ አደርግዎታለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዘጋሁባቸው ማለት ይሻላል።

ቅዳሜ ለልጅቷ የቤት ስልኳ ላይ መልእክት ተውኩላት፤ አባትሽ ደህና ናቸው፣ ግን ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሕንፃው በር ላይ እንገናኝ አልኳት። ያን መልእክት በተውኩበት ሰዓት የአዛውንቱ እህት ተቀብረው ነበር።

እሁድ ማለዳ እኔ ጥቁር ለብሼ፣ ጋሼ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጠበቅናት። ገና ስታየን ፊቷ ተለዋወጠ። «አባቴ ነው?» አለች። አይደለም፣ አክስትሽ ናቸው አልኳት። አፏን በእጇ ይዛ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ የጠየቀችኝ ግን ያልጠበቅሁትን ነው።

«ዘፈነላት?»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። እዚያው ሊፍቱ አጠገብ ቆማ ነገረችኝ። ወንድምና እህት ቃል ተገባብተዋል። አንዳቸው ሲሞቱ፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ፣ የቀረው የገጠመውን ይዘፍንለታል። አባቷ በዚህ ዕድሜያቸው አየርላንድ ድረስ መሄድ ስለማይችሉ በስልክ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። «ለሷ የገጠመውን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ለዚያ ቀን ነው ያስቀመጠው» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። ሐሙስ ሰምቻለሁ፣ ስልኩን የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ማለት ብቻ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ትናንት በእኔ ስልክ ነው የደወሉት፤ ከቀብር በኋላ» የሚል ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተከሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመርዶ አብረውኝ ሄደው አያውቁም።

ላይ ወጣን። አዛውንቱ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሸሚዛቸውን ይቆልፋሉ። ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ነገረቻቸው። እሷ አባቷን አቅፋ ሳለች እኔ ሳሎን ሄጄ ገመዱን ሰካሁት። ስመለስ አያለቅሱም።

«ተቀብራለች?» አሉ።

«ትናንት» አለች ልጃቸው።

«ማንም አልደወለልኝም?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። «ከቀብር በኋላ ለእኔ ነው የደወሉት» አልኩ ደግሜ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል።

«ልጇ ያውቅ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ቃል ስንገባ አጠገቧ ነበር።» ከዚያ ሁላችንም እንድንወጣላቸው ጠየቁን። አቅፌ ላጽናና፣ ደግፌ ላስለቅስ የሄድኩ ሴት ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

በኋላ አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስነግራት፣ ባህልሽ ነው፣ በቅን ልቦና ያደረግሽው ነው አለችኝ። የእኛ ልማድ ለሚሰማው ሰው ይሳሳል፣ የእነሱ ለሚሄደው፤ እዚህ ድረስ እሺ። ገመዱን በባህሌ ነቀልኩት እንበል። የዋሸሁት ግን በባህሌ አይደለም፤ የተመሰገነ ስሜ እንዳይነካብኝ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእህታቸው ልጅ ደብዳቤ መጣ። የሚያነብላቸው ያው እኔ ነኝ። ስለ ዝናቡ፣ ለቀብር ስለመጣው ሰው ብዛት፣ ሳጥኑን ስለተሸከሙት ጎረቤቶች ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ ቀድሞኝ ወረደ። «ሐሙስ ያነጋገርናት ሴት እነግረዋለሁ ብላን ነበር። አርብም ቅዳሜም ደወልን፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ከብዶህ ነው ብለን ተውን። ሳጥኑ እስኪዘጋ ድረስ ግን ስልኩን ከራስጌዋ አላነሳነውም። አልተቀየምንህም፤ ስትችል ደውልልን።»

ዘለልኩት። ሰላም ሁን ይላል ብዬ አጠፍኩት።

«ስለ ስልኩ ምንም አላለም?»

«ምንም።»

ይህን በስልክ አልጠይቀውም ብለው ወረቀት አምጪ አሉኝ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ደብተሮቹን እንድከፍት ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፤ ዘፈንም ትተዋል። ቃል በቃል እያሉኝ ጻፍኩ፤ «እስክትቀበር ድረስ ከስልኬ አጠገብ አልራቅሁም። ለምን እንዳልደወልክልኝ ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።» እናቱን ቀብሮ ወር ያልሞላው ሰው፣ ባላጠፋው ጥፋት፣ በእኔ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተወቀሰ። አዛውንቱ ፈረሙበት፣ እኔ ፖስታው ውስጥ ከተትኩት፣ አድራሻውንም ጻፍኩበት።

አልላክሁትም። ከላክሁት መልሱ እኔን ያጋልጠኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ገባ፣ ከቦርሳዬም ቤቴ ሄዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። እስከ ሞቱበት ሚያዝያ ድረስ፣ ታች ካለው የፖስታ ሳጥን በተመለስኩ ቁጥር አዛውንቱ ወደ ጆሮዬ እያዩ፣ «ከልጁ መልስ መጣ?» ይሉኝ ነበር።

«አልመጣም» እላቸዋለሁ። ስለዚህ ነገር ከነገርኳቸው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።