ጣራ የማይወደው አንቴና

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ስስቅ የሚያዩኝም ይታዘቡኛል።

የምኖረው ቢቸና ነው። ሥራዬ የሳተላይት ምልክት ለሚቀበሉ ጣቢያዎች አንቴና መትከልና መጠገን ነው። ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ አንዱን ተክለናል፤ በሲሚንቶ ምሰሶ አናት ላይ የተደፋ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። የአካባቢው መሬት የሚለካው እሱን ተማምኖ ነው። የሚጠብቁት ጋሽ ፈንቴ የሚባሉ አዛውንት ናቸው።

አንድ ማለዳ ቢቸና ሆኜ በኮምፒውተር ስመለከት ጣቢያው መረጃ መላክ አቁሟል። በማግስቱ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ዱላ ሊማዘዙበት የደረሱበት ድንበር ሊለካ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞጣ ገባሁና ጉብታውን በእግሬ ወጣሁ።

አንቴናው ቤት ተሠርቶለታል! አራት ቋሚ፣ ከላይ ድፍን ያለ አዲስ ቆርቆሮ። ሰማይ ማየት ያለበት ዕቃ ቆርቆሮ ሲያይ አድሯል።

«በረዶ ሲወርድበት አንጀቴ አልቻለም» አሉኝ ጋሽ ፈንቴ በኩራት። «ሰፈሩን ጠርቼ በደቦ ሠራንለት። እንግዳ ደጅ እያደረ እኛ ቤት እንተኛ?»

አፍርሱት ብል ሰፈሩ ይቀየመኛል። ስለ ሳተላይት ላስረዳ ሞከርኩ።

«የኔ ሬዲዮ ቤት ውስጥ አይደል የሚያወራው?» አሉኝ።

ያኔ ተንኮል መጣልኝ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ እንደ ባሕታዊ ነው። ጣራ ሥር ላያድር ስለት አለበት። ካስገባችሁት ይኮርፋል።»

አንቴናውን ትክ ብለው አዩት። «ምነው ቀድመህ ብትነግረን!» ብለው ተቆጡና ሰፈሩን ጠሩ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረደ፤ ጣቢያው ሠራ፤ ድንበሩም በማግስቱ ያለ ዱላ ተለካ። ቢቸና ስመለስ ራሴን እንደ ሊቅ ቆጥሬ ነበር።

ወር ሳይሞላ ምልክቱ ይቆራረጥ ጀመር። ተመልሼ ሄድኩ። አንቴናው ላይ ርግቦች ተደርድረዋል፤ ምሰሶው ግርጌ ንፍሮና ቆሎ ፈሷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሕታዊ ነው አላልከንም? ጦሙን ይደር እንዴ!» አሉኝ ኮስተር ብለው። ከኋላቸው የቆሙት ጎረቤቶች ግን ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተንኮሌን አውቀውብኝ፣ እኔን ላለማሳፈር ብለው ነው ጣራውን ያወረዱት።

አሁን ሞጣ በወረድኩ ቁጥር «ባሕታዊው ደህና ናቸው?» የማይለኝ የለም። አፍሬያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኛል። ርግቦቹ ግን እስካሁን አልሄዱልኝም።