ለማዘጋጃ ቤታችን የተነፋው ጥሩምባ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የአጥሩን እንጨት ምስጥ እንዳይበላበት የተቃጠለ ዘይት ይቀባ ነበር፤ ሽታው አፍንጫዬን እንደመታኝ ልቤ አዲስ አበባን ጥሎ፣ ከአምቦ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከተማችን፣ ከአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ገባ።

የዚያ ቤት የጣውላ ወለል በየዓመቱ ያንኑ ዘይት ይጠጣ ነበር። ግድግዳው ጥቁር ጥርብ ድንጋይ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም ባለ እንጨት መዝጊያ፣ በረንዳው ገበያተኛውን ከነአህያው ከዝናብ የሚያስጠልል። አዳራሹ ውስጥ ያስነጠሰ ሰው የገዛ ድምፁ ከኮርኒሱ ተመልሶ ስለሚሰማው፣ እኛ ልጆች ለዚሁ ስንል በርበሬ እያሸተትን እንገባ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረና ቤቱ ፈርሶ ባለ መስታወት ፎቅ ይሠራበት ተባለ። አፍራሾቹ በሚመጡበት ዕለት ገና ሳይነጋ የእድራችን ጥሩምባ ተነፋ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየወጣ «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?» ይባባላል። ያስነፋችው የእድሩ ሰብሳቢ፣ አክስቴ አስካለ ነበረች።

«ማዘጋጃ ቤታችን» አለች ፊቷን ሳትፈታ።

ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ በጥሩምባ አይቀለድም ብሎ ተቆጣ። ጥሩምባ ተነፍቶ ግን ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነውና ድንኳኑ በረንዳው ፊት ተተከለ፣ ንፍሮ ተጣደ። አንዱ እዚህ አዳራሽ መዳሩን፣ ሌላው ሚስቱን ያወቃት ከዝናብ ሸሽተው በረንዳው ሥር ሲጠለሉ መሆኑን ሲያወሳ፣ በቀልድ የተጀመረው ለቅሶ እውነተኛ እንባ አመጣ። አፍራሾቹ ደረሱ። ለቅሶ ቤት ዶማ የሚያነሣው መቃብር ቆፋሪ ብቻ ስለሆነ፣ ዶማቸውን አስቀምጠው ንፍሮ ዘገኑ።

ከንቲባው እየተቆጣ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ግን ልማድ ቀደመውና ኮፍያውን አውልቆ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ።

«ገና አልሞተም፣ ኦቦ ከንቲባ፤ ታሟል እንጂ» አለች አክስቴ። «አሳክሙልን።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ፤ እሱም መቆጣቱን ረስቶ ሳቀ። በሳምንቱ ቆርቆሮው በእሱ ትእዛዝ፣ ጉልበቱ በእኛ ደቦ ሆነና ወጣቶቹ ጣሪያው ላይ ወጡ። የመጨረሻው ሚስማር ሲመታ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም ቤቱን የሠራሁት ያህል ኮራሁ።

ዛሬ ወለሉ ሴራሚክ ሆኗል፤ አልወደድኩትም። አክስቴ አስካለም የለችም፤ ከዚያ ድንኳን ለቀስተኞችም ብዙዎቹን ሸኝተናል። እኛ ያለቀስንለት ቤት ግን አልቃሾቹን አንድ በአንድ በደጁ እያሳለፈ፣ ይኸው ቆሟል።